የአባኮ መስመር አይነካም

ስለ ክብር ከእንግዲህ ማንም እንዲመክረኝ አልፈልግም። ክብር ሰጥተን ሰጥተን ሞተር አቃጥለናል። ጎዳ ቡርቃ የሚባል ቀበሌ ሃያ ሦስት ቀን ውሃ አጥቶ ሰንብቷል። ጥፋት የሌለባት ሴት በሰው ፊት ቆማ እንደ ወንጀለኛ ተጠይቃለች። ይህን ሁሉ ያደረግነው ደግሞ በተንኮል አይደለም፤ ከሚሴ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በትሕትና ነው። ሰው በትሕትና ይህን ያህል ማበላሸት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሱዓድ እባላለሁ። የአንድ የውሃ ጥገና ማዕከል የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። የማወራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ አብዱልጀባር ነው፤ እኛ «አባኮ» ነው የምንላቸው፣ በኦሮምኛ አባቴ እንደ ማለት።

አባኮ የጨፋ ሮቢት አካባቢ ልጅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ጉድጓድ ቆፋሪዎች ወደ ሸለቆው መጡ፤ እሳቸውም ቧንቧ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባቲ እስከ ሰንበቴ ያልፈቱት ፓምፕ የለም። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ነው። የካቻቪቴውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ኩሽኔታው አልቋል» ካሉ አልቋል። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ መሐንዲስ «አይደለም» ብሎ ተከራከረ፤ ሞተሩ ከጉድጓድ ወጥቶ ሲፈታ ኩሽኔታው ዱቄት ሆኖ ተገኘ። አባኮ «አላልኩህም?» እንኳን አላሉትም። እጃቸውን ታጥበው ሻይ አዘዙለት።

አንድ ነገር ግን ያናድዳቸው ነበር። ካቻቪቴውን አብሯቸው ላለ ሠራተኛ ሁሉ ይሰጡና «ምን ሰማህ? አንቺስ ምን ሰማሽ?» ይላሉ። እኛ ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፤ «አንቱ የሰሙትን ነው አባኮ።» ይኼኔ ፊታቸው ይጠቁራል። «እኔ የሰማሁትንማ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።» እኛ እንስቃለን። ቀልድ ይመስለን ነበር። ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ የራሱን እንዲናገር ሲለምኑ ኖረው አንዳችንም አልገባንም።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ስልሳ አራት ጉድጓዶች አሉን፤ የስልሳ አራቱም ጥልቀት፣ የሞተራቸው ዓይነት፣ የመንገዳቸው ጠባይ ያለው በእኚህ ሰውዬ ራስ ውስጥ ነው። ቢሮው ያለውን መዝገብ ግማሹን አይጥ በልቶታል፤ የቀረውን ደግሞ የጻፈው ሰው ራሱ አያነበውም። ኃላፊያችን «ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ሥርዓት ይዘረጋልናል» አሉ። የደብዳቤው መልስ እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ በራሴ ጀመርኩት። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ያለበትን ሁሉ አጠፋሁና ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ጫንኩበት፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ዊኪ። ዊኪ ማለት ማንም የሚያነበው፣ ያነበበ ሁሉ ደግሞ የሚያርመው የጋራ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ገጽ ጎን «አርም» የሚል ቁልፍ አለ። «ታሪክ» የሚል ሌላም ቁልፍ አለ፤ እሱን የነካ ሰው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ያያል። እኔ የመረጥኩት ሁሉንም ነገር በተራ ጽሑፍ ፋይል የሚያስቀምጠውን ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሞት ፋይሎቹን በፍላሽ ይዤ እወጣለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ «መጻፍ አልተፈቀደም» እያለ አሾፈብኝ፤ ለካ ፋይሎቹ ያሉበትን ማህደር ለፕሮግራሙ አልከፈትኩለትም። መብራት ሲጠፋ እንዳይዘጋ ከተነቀለ የሶላር ፓምፕ የተረፈ ባትሪ አሰርኩለት። ኢንተርኔት ለወራት በጠፋ ጊዜ እንኳን የእኛ ደብተር ይሠራ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ከዋይፋያችን ጋር ያገናኘ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

አምስት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ አባኮ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። «አካም ቡልተን አባኮ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ እጠይቃለሁ፤ «ነጋያ፣ ኢንተለኮ፣ አልሀምዱሊላህ» ይላሉ። ኢንተለኮ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ያስጽፉኛል። አንድ ቁጥር ሲጠፋቸው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ቧንቧ ይቆጥራሉ፤ ያን ዕለት ስንት ቧንቧ እንዳወረዱ ትዝ ሲላቸው ጥልቀቱ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ስልሳ አራት ገጽ ሞላ። የጨረስን ዕለት «አሁን ልጆቹ ይቀጥሉበት» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ በኋላም ሰኞ ሰኞ ለሻይ ብቅ ማለታቸውን አልተዉም።

ልጆቹ ቀጠሉበት? የባቲው ቴክኒሽያን የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚቆረጥ ጻፈ፤ ሌላው የመለዋወጫ ቁጥር ጨመረ። ጥሩ ነው። የአባኮን መስመር ግን አንድም ሰው አልነካም። የሚያርመው ነገር ያለው ሰው ገጹ ሥር ይሄድና «አባኮ ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይጀምራል። «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለው እየረዘመ እየረዘመ ከገጹ በለጠ። እኔ ያንን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ልጆቹ ሥነ ሥርዓት አላቸው እል ነበር።

አሁን ወደ ጎዳ ቡርቃ እንምጣ። የጎዳ ቡርቃ ገጽ እንዲህ ይላል፤ «ውሃው ሠላሳ ስምንት ሜትር ላይ ነው። ሞተሩ ሃምሳ አራት ሜትር ላይ ወርዷል። በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ቢሠራ አይጎድልም።» አባኮ የለኩት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጨፋ ሜዳ ላይ የመስኖ ፓምፕ ያልተከለ ገበሬ የለም፤ ውሃው ወርዷል።

ይህን ያወቀችው ቶይባ ናት። ቶይባ ሰንበቴ የተመደበች ቴክኒሽያን ናት፤ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ዓመት ተኩል ይሆናታል። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን መለኪያ ሽቦ ይዛ ጎዳ ቡርቃ ወረደች፤ ተረኛ ያልሆነው ዘበኛ ሽቦውን እየያዘላት ሦስት ቀን ለካች። ሞተሩ አሥር ሰዓት ከሠራ ውሃው ሃምሳ ሦስት ሜትር ላይ ይደርሳል። ከሞተሩ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ አየር ይስብና ይቃጠላል። ውሃ ሲጎድል ራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ ከተበላሸ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ለእሱም ደብዳቤ ተጽፏል። ቶይባ ከሚሴ መጣች፤ ገጹን ከፈተች፤ አሥራ ስምንትን አጥፍታ «ከአሥር ሰዓት እንዳይበልጥ» ብላ ጻፈች። ደብተሩ የተሠራው ለዚህ ነበር። ከሁላችን ውስጥ ደብተሩን እንደ ደብተር የተጠቀመችበት እሷ ብቻ ናት።

እኔ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መለስኩት።

አዎ፣ እኔ። የአባኮን አሥራ ስምንት ሰዓት ወደ ቦታው መለስኩ። ዊኪው «የለወጡበት ምክንያት» ብሎ ሲጠይቀኝ «የአባኮ መስመር አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቶይባን ጠራኋት።

«ወላሂ ሱዓዴ፣ ሦስት ቀን ነው የለካሁት» አለችኝ።

«ብትለኪስ? ዓይናቸው የታመመ ትልቅ ሰው የነገሩንን ሰርዘሽ የራስሽን ትተኪያለሽ? ነውር አይደለም?»

«ታዲያ የት ልጻፈው?»

«ከታች። እንደ ሰው።»

እንደ ሰው ጻፈችው። «አባኮ ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በበጋ ጉድጓዱን አልፎ አልፎ ማሳረፍ ሳይሻል አይቀርም።» አሥር የሚለው ቁጥር ጠፋ። ሃምሳ ሦስት ጠፋ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የተለካው ሁሉ «ሳይሻል አይቀርም» ሆነ። ሞተር «ሳይሻል አይቀርም» አይገባውም። እኔ ግን አንብቤው «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው» አልኳት፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ለአባኮ በሚቀጥለው ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ልባቸው እንዳይሰበር ቃል ስመርጥ ሰኞው አለፈ። ከዚያም ሌላ ሰኞ። አሥራ አራት ሰኞ አለፈ።

የጎዳ ቡርቃን ፓምፕ የምታንቀሳቅሰው ኡሚ የምትባል የአራት ልጆች እናት ናት። ሥራውን እንደ ተረከበች ከሚሴ ድረስ መጥታ የጉድጓዷን ገጽ ከፈተች፤ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ስክሪኑ የሚያሳየው እስከ «አሥራ ስምንት ሰዓት» ድረስ ነው። የቶይባ ጭራ ከታች ቀርቷል፤ ማን ነው ከጭራ የሚያነብ? ኡሚ መጀመሪያ ላይ መብራቱ ስለሚቆራረጥ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ አስነስታ አታውቅም። ረመዷን ሲገባ መብራቱ ተስተካከለ፤ ፍላጎቱም ጨመረ። የተጻፈላትን አየች። አሥራ ስምንት ሰዓት አስነሳች። በስድስተኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ።

ጎዳ ቡርቃ ጾሙን ያፈጠረው በቦርከና ውሃ ነው። ሴቶቹ በአህያ ጀሪካን ጭነው ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ አህያ የሌላት በጀርባዋ ታዝላለች። በሁለተኛው ሳምንት የሕፃናት ተቅማጥ ገባ። የኡሚ ትንሿ ልጅ ኢማን ጤና ጣቢያ ተኝታ ግሉኮስ ተሰካላት። ኢማን ተርፋለች፣ አልሀምዱሊላህ። እናቷ ግን ጤና ጣቢያ ደጃፍ በተቀመጠችበት ነው «ሞተር አቃጥለሻል፣ ቅረቢ» የሚል ወረቀት የደረሳት።

ይኼኔ የቢሮው ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነ። «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር» ይላል አንዱ። «ያ ጉድጓድ አሥራ ስምንት እንደማይችል ማን ያጣዋል?» ይላል ሌላው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ነበር። ጥፋቱ ወደ ኡሚ የተገፋው ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ። በኡሚ ቢሳበብ የማንም ክብር አይነካም። አባኮን የሚያስቀይም የለም፤ ኃላፊውን ስለ መቆጣጠሪያው የሚጠይቅ የለም፤ እኔንም የሚያየኝ የለም። የቀበሌው ኮሚቴ የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ተቀብሏት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ላይ መፍረድ ለሁላችንም ቀላል ነበር።

ስብሰባው ሰኞ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እኛው ቢሮ ሆነ። ከቀበሌው አምስት ሰው መጣ። ቶይባም ከሰንበቴ ተጠርታለች። አባኮ በከዘራቸው እየተመሩ መጥተው በር አጠገብ ተቀመጡ፤ የማን ገጽ እንደሚነሳ ማንም አልነገራቸውም። እኔ ኮምፒውተሩ ጋር ነኝ፤ ገጹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል።

ኃላፊያችን ጀመሩ። «ይኸው በግልጽ ተጽፏል፤ ጉድጓዱን ማሳረፍ ይሻላል ይላል። ኦፕሬተሯ እስከ ታች ድረስ አላነበበችም። ቸልተኝነት ነው።»

ኡሚ ተነሳች። አላለቀሰችም። «ቸልተኛ አትበሉኝ። ከታች ያለውን ዛሬ ነው ያየሁት። እሱስ ቢሆን ስንት ሰዓት ይላል? አይልም። ከላይ ያለው አሥራ ስምንት ይላል፤ አሥራ ስምንት አስነሳሁ። እኔ የተጻፈልኝን ነው የሠራሁት። ልጄ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ነው የጠራችሁኝ። ቁልፉን ውሰዱት፤ ግን አጥፍተሻል አትበሉኝ። ሀቄን ነው የምፈልገው።»

ቶይባን አየኋት፤ ወለሉን ታያለች። አጠገቤ የተቀመጠው የቢሮ ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ «ታሪኩን እንዳትከፍቺ፤ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ያ ተረት ደሜን አፈላው። ይነቅዛል! ዝም ብለን ብለን ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ነቀዘ፤ የሕፃን አንጀት ነቀዘ፤ አሁን ደግሞ የዚህች ሴት ስም ሊነቅዝ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ «ታሪክ» የሚለው ቁልፍ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነካሁት።

ግድግዳው ላይ ወጣ። ቶይባ፣ ቀኑ፣ «ከአሥር ሰዓት እንዳይበልጥ»። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሱዓድ፣ «የአባኮ መስመር አይነካም»።

አባኮ ሰው ሲያጉረመርም ሰሙ እንጂ ግድግዳው አይታያቸውም። «ምን ይላል?» አሉ። «ምን ይላል ነው የምለው!» ሲሉ ቶይባ ተነስታ አጠገባቸው ሄደች፤ ሁሉንም አነበበችላቸው።

«ስንት ቀን ለካሽ?» አሏት።

«ሦስት ቀን፣ አባኮ።»

«ሦስት ቀን ለክተሽ ለኔ መንገር አቃተሽ?»

ቶይባ ወደ እኔ ዞረች። እኔ «አባኮ፣ አንቱን ላለማስቀየም ብለን ነው፤ ለክብርዎ» አልኩ።

«የትኛው ክብር?» አሉ። ሲቆጡ ድምፃቸው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። «እናንተ እኔን ቀብራችሁኛል። ቃሉ የማይታረመው የሞተ ሰው ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ እዚህ እየመጣሁ ሻያችሁን ስጠጣ ሞቼ ነበር ማለት ነው? አንቺ ነሽ የገነዝሽኝ፣ ሱዓድ። ይህች ልጅ ልታነሳኝ መጣች፤ እጇን መትተሽ መለስሻት።»



ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ወደ ኡሚ ድምፅ አቅጣጫ ዞሩ። «ኡሚ፣ ኢንተለኮ፣ ቁጥሩ የኔ ነው። ልጅሽን ያስተኛው የኔ ቁጥር ነው። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ኡሚ ወዲያው ተነስታ ከዘራቸውን ያዘች። «አንቱ አይደሉም አባኮ። አንቱን አውፍ ብያለሁ። አንቱ ሀቄን አልበሉም» አለች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። አውፍ በይኝ ለማለት አፌን ስከፍት ፊቷን መለሰች።

«ጻፊ» አሉኝ አባኮ። ተቀመጥኩና ገጹን ለእርማት ከፈትኩ። አሥራ ስምንትን አጥፍቼ አሥር አደረግኩ። ከዚያ «የቀድሞው ልኬት በአዲስ ልኬት ተተክቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቶይባ አነበበችላቸው።

«ሚቲ» አሉ። «እንዲህ አይደለም። ተተክቷል አትበይ። የአብዱልጀባር ቁጥር ስህተት ነበር በይ። ሞተሩ በዚህ ስህተት ተቃጠለ በይ። ኡሚ የተጻፈላትን ነው የሠራችው በይ።»

አንድ በአንድ ጻፍኩት። ኃላፊያችን «ይኼንን በሌላ ጊዜ በቃለ ጉባኤ ብናደርገው» ማለት ሲጀምሩ የቀበሌው ሰዎች «ይጨርሱ፣ ይጨርሱ» አሏቸው።

«አሁን ደግሞ» አሉ አባኮ፣ «ትክክሉን ያጠፋውን ሰው ስም ጻፊ።»

እጄ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው አንዱ «ተዉት አባኮ፣ ይበቃል» እንዲልልኝ ጠበቅኩ፤ ይህን ያህል ጊዜ ሲከባበር የኖረ ቢሮ ለኔ አንድ ቃል አላወጣም። ስሜን ጻፍኩ። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ።

ቶይባ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላቸው። ስሜ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገችው።

«ከፍ አርገሽ አንብቢው፤ አልተሰማኝም» አለች ኡሚ።

ቶይባ ደግማ አነበበችው።